የዳጋሕ መዶው አግኚ

ኦክቶበር 11 ቀን 1994

«ቁጥር 14። ሟቹ ሐጂ ሐቢብ ኢልሚ። የዳጋሕ መዶው የእርሳስ ማዕድን አግኚ። በ1968 በራሳቸው ግመሎች ተጉዘው፣ ረሃብና ጥማት ሳይበግራቸው፣ ይህን ሀብት ለአገራችን አበረከቱ። በጉዞው ላይ አስተርጓሚው ዓብዲቃድር ጃማዕ እና ሦስት ግመል ነጂዎች አብረዋቸው ነበሩ።»

ከሶማሊኛው ቃል በቃል መለስኩት። «የማዕድን ኢንዱስትሪያችን ባለውለታዎች» ከሚለው ቡክሌት፣ ገጽ 9።

አስተርጓሚ! አንድም ፈረንጅ ባልነበረበት ጉዞ የማስተረጉመው ለማን ነው? ለግመሎቹ?

ዳጋሕ መዶው ማለት ጥቁር ድንጋይ ማለት ነው። አርባ አንድ ቀን በእግሬ ዞሬ የለካሁት፣ ካርታውን የሳልኩት፣ ናሙናውን በየከረጢቱ ቁጥር ሰጥቼ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሐጂ ሐቢብ፣ አላህ ይማረውና፣ ግመል ያከራየን ዘመዴ ነበር። ሰፈራችን ድረስ ሁለቴ መጣ። ሁለቴም ግመሎቹ አለመክሳታቸውን አይቶ ተመለሰ።

የማዕድን ኢንዱስትሪያችን ይሉታል ደግሞ። ከዳጋሕ መዶው እስከ ዛሬ አንዲት ኩንታል እርሳስ ወጥታ አልተሸጠችም። ማዕድን ማውጫ ሳይኖረን ባለውለታ አሥራ ስድስት አለን።

ይህን ደብተር በአማርኛ የምጽፈው ከናፍቆት አይደለም። አባቴ በስድስት ዓመቴ ድሬዳዋ ወሰደኝ፤ እዚያ ፊደል ቆጠርኩ፣ አዲስ አበባ ጂኦሎጂ ተማርኩ፣ በ1965 ወደ ሐርጌሳ ተመለስኩ። አሁን በዚህ ቤት አማርኛ የሚያነብ የለም። ባለቤቴ ሲራድ ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማረች ሴት ናት፤ በሶማሊኛም በእንግሊዝኛም የተጻፈ ያገኘችውን ወረቀት ሁሉ ታነባለች። ይህን ግን አታነብም።

የክብር ሥነ ሥርዓቱ ኖቬምበር 24 ነው። ለዚያ ቀን ቡክሌቱ ታርሞ እንደገና ይታተማል። እንግዲህ ስድስት ሳምንት አለኝ።

ኦክቶበር 12

ሲራድ፦ «ከተማው በሙሉ ጠመንጃ እየወለወለ ነው፤ የፋዱሞ አባት ከቡክሌት ጋር ይጣላል።» በልጃችን ስም ነው የምትጠራኝ።

ከቡክሌት ጋር አይደለም የምጣላው። ከስህተት ጋር ነው።

ኦክቶበር 15

ከኮሚቴው ቢሮ ተመለስኩ። ሁለት ክፍል ነው፤ አንደኛው ከ1988ቱ የአውሮፕላን ድብደባ ጀምሮ ጣሪያ የለውም። ስብሰባ የሚያደርጉት ጣሪያ በሌለው ነው፤ ሰፊ ስለሆነ።

ጸሐፊው አቦኮር ይባላል። አርባ ዓመት ይሆነዋል፤ ሸሚዙን በጥንቃቄ የሚተኩስ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው።

«አዴር» አለኝ። አጎቴ ማለቱ ነው። ሊያታልለኝ የሚፈልግ ሁሉ አጎቱ ነኝ። «አዴር፣ ወላሂ፣ ማን እንደሆንክ እናውቃለን። ግን የእናንተ ቦታ ሞልቷል።»

«የምን ቦታ?»

ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣ። አሥራ ስድስት መስመር። በእያንዳንዱ መስመር መጀመሪያ የጎሳ ስም በመኪና ተተይቧል። የሰዎቹ ስም በኋላ፣ በእጅ ጽሕፈት ተሞልቷል። መጀመሪያ ለጎሳዎቹ ባለውለታ አደሏቸው፤ ከዚያ ባለውለታውን ሊፈልጉ ወጡ።

«ቁጥር 6 ማን ነው? ሰምቼው አላውቅም።»

«የእነሱ ነው። ማዕድን የሠራ ሰው አጣንላቸው። ባዶ ከተውነው ደግሞ ስብሰባውን ረግጠው ይወጣሉ። ረግጠው ከወጡ፣ ታውቃለህ።» በጣቱ በአየር ማረፊያው በኩል አሳየኝ፤ ታጣቂዎቹ ወደሰፈሩበት።

«እና ማንን ጻፋችሁ?»

«ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ ወድቀው የሞቱ አንድ ሽማግሌ አሉ።»

«የምን ጉድጓድ?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የመጸዳጃ ቤት።»

አልሳቅኩም። እሱም አልሳቀም።

የእኔ ጉዳይ ግን ቀላል ነው አለ። እኔና ሐጂ ሐቢብ አንድ ጎሳ ስለሆንን መስመሩ አይነካም፤ «የቤታችሁ ነገር ነው»። በዚያ ጉዞ ላይ የነበረ፣ በሕይወት ያለ ምስክር ቃሉን በጽሑፍ እስከ ኖቬምበር 10 ከሰጠ ስሙን ይለውጣሉ። የሐጂ ሐቢብን ስም ያስጻፉት ልጆቹ ናቸው፤ አንዱ ዋርሳሜ ኮሚቴው ውስጥ አለ፤ ምስክር ካለ ግን እሱም አፉን ይይዛል።

ኦክቶበር 18

አንዱ ግመል ነጂ በ1988 ሞተ። ሁለተኛው የመን ገባ፣ ወሬው ጠፋ። ሦስተኛው ማን እንደነበር እንኳ ረሳሁ። ቡክሌቱ የረሳው ምግብ አብሳያችንም ሞቷል።

አንዲት ሴት አለች። ዳሚ ነው የምትኖረው። ነገ አስብበታለሁ።

ኦክቶበር 20

አላሰብኩበትም።

ኦክቶበር 23

ዳሚ ሄድኩ።

የዳሚ ሰዎች ብረት ቀጥቃጮች፣ ቆዳ ፋቂዎች፣ ፀጉር ቆራጮች ናቸው። ሌላው የከተማው ሰው ቢላዋውን እነሱ ዘንድ ያሠራል እንጂ አይጋባቸውም፣ ከቤታቸው አይበላም። ደጋ አገርም ቀጥቃጭ እየተባለ እንደዚሁ ሲደረግ አይቻለሁ። የተማረ ሰው በእንዲህ ያለ ነገር አያምንም። እኔም አላምንም። ሴትዮዋ ውሃ ስታቀርብልኝ አልጠማኝም አልኩ፤ በእርግጥም አልጠማኝም ነበር።

ሙልኪ ትባላለች። ሰባ ዓመት አልፏታል። ዛሬም ያኔ የምትሠራውን ትሠራለች፦ ለዓይን የሚሆን ኩል ከእርሳስ ድንጋይ ፈጭታ ትሸጣለች። ጣቶቿ እስከ ጥፍራቸው ሥር ጥቁር ናቸው።

«ኤዶ ሙልኪ፣ ደህና ነዎት?» አልኩ።

ወፍጮ ድንጋዩን አቆመች። «ኤዶ? ዛሬ አክስት ሆንኩ? ያኔ ‹አንቺ ሴትዮ› ነበርኩ።» ከጎኗ ለተቀመጡት ሴቶች ዞራ «ይህ ሰው ሃያ ስድስት ዓመት ፈጀበት አክስቱን ለማወቅ» አለች። ሳቁ።

የመጣሁበትን ነገርኳት። ሐጂ ሐቢብ አገኘ ተብሎ መጻፉን ስትሰማ በጣም ሳቀች፤ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

«ያ ግመሎቹን እየዳሰሰ የሚሄደው?»

«እሱ።»

«እሺ፣ እመሰክራለሁ። ምን እንደነበር ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ።»

«ልንገርህ ግን። መስጊዱ በር ላይ ስሸጥ መጣህ። ኩሉን አልገዛህም፤ ያልተፈጨውን ድንጋይ አንስተህ በቢላዋ ፋቅከው። ከየት ነው አልከኝ፣ አልናገርም አልኩህ። ሦስት ቀን ተመላለስክ። አሳዘንከኝ። ከዚያ ሦስት ቀን ከግመሎቹ ኋላ በእግሬ መራኋችሁ። ነጂዎቹ ግመል ላይ አናወጣትም ስላሉ። ግመሎቹ እኮ ሲሄዱ ጭነት አልነበራቸውም።»

«ውሃ ነበራቸው» አልኩ።

«ውሃማ አንተ ጨረስከው፣ የጉድጓዱ ውሃ ሆድህን ሲያሳምምህ። ቦታው ስንደርስ ተኝተህ ነበር። ከገደሉ ወርጄ ድንጋዩን ያመጣሁልህ እኔ ነኝ። ይዘኸው አለቀስክ።»

«አላለቀስኩም።»

«አለቀስክ። ድንጋዩን በነካህበት እጅ ዓይንህን ጠርገህ እንደ ሙሽራ ተኳልክ።» ሴቶቹ እንደገና ሳቁ። እሷ ግን መሳቁን ተወች። «እና ስሜን ጻፍከው?»

«የአካባቢው ሰዎች ጠቁመውናል ብዬ ጽፌያለሁ።»

«ሰዎች? ስንት ነበርን?»

ሪፖርት የሚጻፈው እንደዚያ መሆኑን አስረዳኋት። ማግኘት ማለት በሳይንስ አንድ ነገር የት እንዳለ ማወቅ ማለት አይደለም። ምን እንደሆነ መለየት፣ መጠኑን መለካት፣ መመዝገብ ነው። አንዲት ሴት የኩል ድንጋይ ከየት እንደሚለቀም ብታውቅ የእርሳስ ማዕድን አገኘች አይባልም። ይህን ሁሉ በትዕግሥት፣ በቅደም ተከተል ነገርኳት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና «የደከመህ ትመስላለህ» አለችኝ።

ከዚያም፦ «ድንጋይ ስትለካ እንደነበርክ እመሰክራለሁ። ሐጂ ሐቢብ እንዳልነበረ እመሰክራለሁ። ያሳየሁህ ግን እኔ ነኝ፤ ለእኔም እናቴ ናት ያሳየችኝ። እንዲህ ብለህ የምትጽፍ ከሆነ ወረቀትህን ይዘህ ና።»

በእርግጥ የዚህን ያህል መኩራት ለኩል ድንጋይ ይበዛበታል።

ኦክቶበር 24

የ1968ቱን ሪፖርቴን አየሁት። በ1988 ከተማው ሲደበደብ ሲራድ በነጠላዋ ጠቅልላ ያወጣችው ነው። ገጽ 3፦ «ቦታው የተገኘው በጸሐፊው የእግር ቅኝት ወቅት ነው።»

የአካባቢው ሰዎች የሚል የለም። ያለ ነበር የሚመስለኝ።

በረቂቁ ላይ ግን አለ። «ሙልኪ የምትባል ኩል ፈጪ መርታን» ይላል፣ በአንድ መስመር ተሰርዟል። ኃላፊዬ ሰርዝ ብሎኝ መሆን አለበት። ስለ ጎሳ ጠንቃቃ ሰው ነበር።

ኃላፊዬ ረቂቁን አላየውም። ፈቃድ ላይ ነበር።

ኖቬምበር 1

በአየር ማረፊያው በኩል ሙሉ ቀን ተኩስ። የቀኝ ጎረቤታችን ፍራሽ ጫኑ። የግራዎቹ ትናንት ሄደዋል፤ ዶሮዎቻቸውን ለሲራድ ሰጥተው።

ሲራድ ወደ ጅግጅጋ፣ ልጃችን ፋዱሞ ዘንድ እንሂድ ትላለች። ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ አልኳት።

«ሥነ ሥርዓት የሚደረግ ይመስልሃል?»

«ቀኑ ታትሟል።»

«ለእኔና ለአንተም በ1988 የሠርግ ጥሪ ካርድ ታትሞልን ነበር፣ የእህቴ ልጅ ሠርግ። አስታወስክ? ሙሽራው ራሱ አልመጣም።»

ይህች ሴት ነገርን በማስረጃ ትከራከራለች። ከማስረጃ ጋር ጠብ የለኝም፤ ግን አግባብነት የለውም።

ኖቬምበር 5

ዳሚ። ተፈጸመ።

ቃሉን በእንግሊዝኛ ጻፍኩት፤ የኮሚቴው መዝገብ በእንግሊዝኛ ስለሆነ። አነበብኩላት። ያነበብኩላት በሶማሊኛ ስለሆነ ቃል በቃል ሊሆን አይችልም፤ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ የሚሄድ ነገር ሁሉ መንገድ ላይ ትንሽ ይለወጣል። ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። «እናቴንም ጻፍክ?» አለች። አዎን አልኩ።

«ስሜ የቱ ጋ ነው?»

አሳየኋት። ስሟ በእርግጥ አለ። ምስክር በሚለው መስመር ላይ።

ቀለም ይዤ ነበር፣ አላስፈለገም። በኩል የጠቆረ አውራ ጣቷን ጫነችበት። እንዲያ ጥርት ያለ አሻራ በባንክም አይገኝም።

«ይህ ወረቀት የት ነው የሚኖረው?»

«በመንግሥት መጽሐፍ ውስጥ።»

«አልሃምዱሊላህ» አለች። ሴቶቹን ጠርታ ነገረቻቸው። አንዲቱ እልል አለች። ቶሎ ወጣሁ፤ መንገዱ ስለማያስተማምን።

ኖቬምበር 8

አቦኮር ወረቀቱን አንብቦ ደስ አለው። «ኢንጂነር ዓብዲቃድር ቦታውን ብቻቸውን ሲያገኙ በዓይኔ አይቻለሁ» የሚለውን ሁለቴ አነበበው።

«የዳሚ ሴት መሆኗ መልካም ነው፣ አዴር። ከማንም ወገን አይደለችም። ማንም አይቃወማትም።»

«ምስክርነቷ ግን ይታመናል?»

«እሷን ማን ከቁጥር ያስገባታል? የሚታመነው ወረቀቱ ነው።»

ተጨባበጥን። እጄን ታጠብኩ። ከወረቀቱ ጠርዝ ኩል ነክቶኝ ነበር፤ በአንድ ውሃ አይለቅም።

ማሸነፍ ይህ ከሆነ፣ ደስታው ነገ ይመጣ ይሆናል።

ኖቬምበር 12

ሲራድ ካርቦን ኮፒውን አገኘችው። ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ነበር፣ ልታጥብ ስትል።

«ይህን ምን ብለህ ነው ያነበብክላት?»

ኮፒውን እንድትሰጠኝ እጄን ዘረጋሁ።

«ምን ብለህ አነበብክላት፣ ዓብዲቃድር?» ስሜን ስትጠራ ነገሩ ከብዷል ማለት ነው። «ሴትዮዋ ብቻዬን አላገኘሁትም፣ እናቴ አሳየችኝ እያለች በገበያው ሁሉ ታወራለች። ትናንት ሰምቻለሁ። የመንግሥት መጽሐፍ ላይ ወጣሁ ትላለች።»

«የመርህ ነገር ነው፤ ማግኘት ማለት...»

«ተው። በቡክሌቱ አስተርጓሚ አሉህ ብለህ አንድ ወር ቤቱን አናወጥከው። ይኸው አሁን በትክክል አስተረጎምክ። የዚህንስ እርማት ከማን ልትጠይቅ ነው?»

ኮፒውን አጥፋ ወደ ኪሴ መለሰችው። ሸሚዙን አላጠበችውም።

ኖቬምበር 16

ተጀመረ። ከማለዳ ጀምሮ፣ በከተማው ውስጥ።

ዳቦ የለም። የጋአን ሊባህ ሰፈር ሱቆች ተዘግተዋል ይባላል።

ኮሚቴው ስለ ሥነ ሥርዓቱ ለውጥ አላሳወቀም። ስለዚህ ለውጥ የለም።

ኖቬምበር 18

ሲራድ ሄደች። ሙልኪም ሄደች። የሆነውን እንደሆነው እጽፋለሁ፤ ለራሴ እንኳ በትክክል ካልጻፍኩ ለማን ልጽፍ ነው?

ጭነት መኪናዎቹ እንደ ቡክሌቱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ጎሳ የራሱ አለው። ወደ ጅግጅጋ የሚሄደው የእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ 26 ጁን በሚባለው መንገዳችን ላይ ቆመ። ዋርሳሜ፣ የሐጂ ሐቢብ ልጅ፣ ስም ዝርዝር ይዞ ከኋላ በሩ ላይ ቆሟል። ለእኔና ለሲራድ ሁለት ቦታ አለን። እኔ እንደማልሄድ ነግሬያታለሁ። ሥነ ሥርዓቱ ስድስት ቀን ቀርቶታል።

ሲራድ ወጥታ ተቀምጣ ሳለ ሙልኪ መጣች። ከዳሚ በእግሯ ነው የመጣችው፣ ተኩሱን እየዞረች። በጀርባዋ ጥቅል፣ በእጇ ወፍጮ ድንጋይዋ። የዳሚ ሰዎች የሚሄዱበት መኪና የለም። በየትኛውም ዝርዝር ላይ የሉም።

ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች።

«ዓብዲቃድር፣ ወረቀቱን አንብብላቸው።»

ዋርሳሜ ከላይ ሆኖ፦ «የምን ወረቀት?»

«በመንግሥት መጽሐፍ ተጽፌያለሁ። ዳጋሕ መዶውን ያሳየሁት እኔ ነኝ። አንብብላቸው፣ ዓብዲቃድር። መንግሥት የጻፈውን ሰው መኪና ላይ አናወጣም አይሉም።»

ከመኪናው ላይ አንዱ፦ «ሱብሓነላህ! ቀጥቃጮቹም ማዕድን አገኘን ሊሉ ነው!» ሳቁ። ሌላው፦ «ስጧት ቦታ፣ መኪናው ቢሰበር ብረቱን ትቀጥቅጥልን!»

ኮፒው በሸሚዜ ኪስ ውስጥ ነበር። ዋርሳሜ እንግሊዝኛ ያነባል። ባነበው ወይ እንደተጻፈው ማንበብ ነው፣ ወይ እንደነገርኳት። እንደነገርኳት ባነበው እጁን ዘርግቶ አምጣ ይለኛል። እንደተጻፈው ባነበው እሷ ፊት ለፊቴ ቆማለች።

«ወረቀቱ ቢሮ ነው» አልኩ።

ሙልኪ አየችኝ። አልተቆጣችም። የማያስታውስ ሽማግሌ እንደሚታይ ነው ያየችኝ።

ሲራድ ከመኪናው ወረደች። ስልሳ ዓመት ሊሞላት ምንም ያልቀራት ሴት፣ ጎማውን ረግጣ ወረደች።

«አክስቴ ናት» አለች።

ዋርሳሜ ሳቀ። «አክስትሽ ዳሚ ውስጥ ምን ትሠራለች?»

«አያቴ አራት ቤት ነበረው። የየቤቱን ሴት ልጆች አንተ ቆጥረሃቸዋል? የአባቴን አባቶች ልቁጠርልህ?» መቁጠር ጀመረች፤ የአባቷን፣ የአያቷን፣ የቅድመ አያቷን ስም፣ ጮክ ብላ፣ ልጆች ቁርኣን እንደሚያነበንቡ። የአባቶቿን ስም በሰው ፊት የምትቆጥርን ሴት ማቋረጥ፣ ዋሽተሻል ከማለት ይብሳል፤ ደም ሊያፈስ ይችላል። ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ዋርሳሜ ዝርዝሩን ዝቅ አደረገ።

«ቦታ የለም ግን።»

«የባሌ ቦታ አለ። እሱ ሥነ ሥርዓቱን እየጠበቀ ነው።»

ሙልኪን ጎትታ አወጣቻት፤ ወፍጮውን ከታች ያቀበልኩ እኔ ነኝ። ከባድ ነበር። ቦታዬን የለቀቅኩላት እኔ ነኝ ማለትም ይቻላል።

ሲራድ ምንም አልተሰናበተችኝም። «ዶሮዎቹን አብላ» ብቻ አለች።

መኪናው ሲነቃነቅ ሙልኪ ከሰው መሐል አንገቷን አውጥታ ጮኸች፦ «መጽሐፉ ሲወጣ ጅግጅጋ አምጣልኝ! ስሜ የት ጋ እንዳለ ጣቴን ታስይዘኛለህ!»

ዋርሳሜም ሰማ። መንገዱ ሁሉ ሰማ።

ኖቬምበር 20

ቢሮ ሄድኩ፤ አንድ ሰዓት የሚወስደው መንገድ ሦስት ወሰደ። አቦኮር ፋይሎችን በገመድ እያሰረ ነው። ሸሚዙ አልተተኮሰም።

«አዴር! ከማተሚያ ቤቱ የመጨረሻው ነገር የደረሰኝ ያንተ ነው።» አንድ ገጽ ሰጠኝ።

«ቁጥር 14። ኢንጂነር ዓብዲቃድር ጃማዕ። የዳጋሕ መዶው የእርሳስ ማዕድን ብቸኛ አግኚ።»

ቆሜ አነበብኩት። ስሜ በትክክል ተጽፏል። ዓመቱ ልክ ነው። ነጥቦቹ በቦታቸው ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቅኩት ይህን ነበር፤ እንደ ልማዴ ስህተት ፈለግኩበት። አንድ አገኘሁ። ብቸኛ የምትለዋን።

ብቸኛን ብታወጣ አግኚ ይቀራል። አግኚን ብታወጣ ምን ይቀራል?

«ደስ አላለህም?» አለ አቦኮር።

«ሥነ ሥርዓቱስ?»

«አዳራሹ ውስጥ ታጣቂዎች ተኝተዋል። ግን ይደረጋል፣ ኢንሻአላህ።»

«መቼ?»

«ኢንሻአላህ» አለና ገመዱን ቋጠረ።

ኖቬምበር 21

ደገኞች «አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም» ይላሉ። ሃያ ስድስት ዓመት እንቅልፍ ነው።

በተረት መሸፈኑንም ልተው።

ኖቬምበር 23

ዛሬ የሚከተለውን ጽፌ በቢሮው በር ሥር አስገባሁ። በሩ ከውጭ ተቆልፏል። ግልባጩ ይህ ነው፦

ለማዕድን ባለውለታዎች አክባሪ ኮሚቴ፣
ባለበት።

በኖቬምበር 8 ያቀረብኩት የምስክር ቃል ሐሰት ነው። ምስክሯ አልዋሸችም። የተናገረችው አንድ ነገር ነው፤ እኔ በእንግሊዝኛ የጻፍኩት ሌላ ነው፤ መልሼ ያነበብኩላት የተናገረችውን ነው። እናንተን ስወቅስ የከረምኩት እኔ፣ ከሐጂ ሐቢብ ልጆች የባሰ ሠርቻለሁ። እነሱ የዋሹት ስለ ሞተ ሰው ነው።

የ1968 ሪፖርቴም ገጽ 3 ላይ ስህተት አለበት። ስህተቱ የኃላፊዬ አይደለም። የተሰረዘውን ረቂቅ አያይዣለሁ፤ ስረዛው በእጄ ነው።

ስለዚህ ቁጥር 14 እንደሚከተለው እንዲታተም አመለክታለሁ፦ «ሙልኪ፣ የዳሚ ኩል ፈጪ። የዳጋሕ መዶውን እርሳስ ከእናቷ ተረክባ ያሳየች። ዓብዲቃድር ጃማዕ ለካው፣ ካርታውን ሳለ፣ ስሟን ሰረዘ።» ከዚህ አንድ ቃል እንዳይጨመር፣ አንድ ቃል እንዳይቀነስ። በተለይ የመጨረሻው ቃል እንዳይቀነስ።

ወገኗ በዝርዝራችሁ ላይ መስመር የለውም የሚል ምክንያት አልቀበልም። መስመሮቹን ያሰመራችሁት እናንተ ናችሁ፤ አሥራ ሰባተኛ ማስመር ዕውቀት አይጠይቅም፤ አሥራ ስድስቱም አልጠየቁም።

የአባቷን ስም ክፍት ተዉት። አላውቀውም። በእንዲህ ያለ አገር፣ ሕፃን ሁሉ የአባቶቹን ስም በሚቆጥርበት፣ ሦስት ቀን መርታኝ አርባ አንድ ቀን በሰፈሩ አብራኝ የነበረችን ሴት የማን ልጅ ነሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። መልሳችሁ በእጄ እንደገባ ጅግጅጋ ሄጄ እጠይቃታለሁ፤ ስሙንም በዚያው ቀን እልክላችኋለሁ። መልሳችሁን ሳልይዝ ግን ፊቷ መቆም አልችልም። ይህን ከጉዳዩ ውጭ አድርጋችሁ ልታዩት ትችላላችሁ።

ይህ የይቅርታ ደብዳቤ አይደለም። እርማት ነው።

የምገኘው 26 ጁን፣ በዚያው ቤት ነው። ለማግኘት አያስቸግርም፤ በመንገዱ ላይ ከውስጥ የተዘጋ በር ያለው እሱ ብቻ ነው። መልሳችሁን በጽሑፍ፣ በፊርማና በማኅተም እስከ ዲሴምበር 10 ቀን 1994 ድረስ እጠብቃለሁ። የቃል መልስ አልቀበልም። ቀን ያልተጻፈበት ኢንሻአላህም አልቀበልም።